ሻምበል በዓሣ አጥንት አልሞተም

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን ሁሉ ስዘረዝር ይቺን አንዷን ዘልያታለሁ። ስለ ድመት ምን ብዬ ልናዘዝ? እል ነበር ለራሴ። ነገሩ ስለ ድመት እንዳልሆነ ግን ያኔም አውቅ ነበር። አሁን ይህን የምታነቡ ሁሉ ለአንድ አፍታ የንስሐ አባት ሁኑኝ። ብትቆጡኝም ተቆጡኝ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። አባቴ የምሠራውን ክፋት ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ስሙን ሲያወጣ ትንሽ ያስብበት ነበር። ጎንደር ተወልጄ በመንግሥት ሥራ ዝውውር ሐዋሳ መጣሁና እዚሁ ቀረሁ፤ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ባልም ልጅም የለኝም። የነበረኝ አንድ ድመት ነው። መዝገብ ቤታችንን አይጥ ሲፈጀው የጥበቃ ሠራተኛው በካርቶን ይዞት መጣ፤ አይጡን ከጨረሰ በኋላ ማንም አልፈለገውምና እኔ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ግራጫ ነው፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚራመደው፣ ሰውን ሲያይ ሰላምታ የሚጠብቅ ይመስላል። ስለዚህ ሻምበል አልኩት። ቀን ሲዞር ይውልና ከሥራ ስመለስ የግቢዬ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። እኔን በር ላይ የሚጠብቀኝ ሌላ ማንም አልነበረም።

በቆርቆሮው አጥር ማዶ እማማ ማርታ ይኖራሉ። የሲዳማ ሴት ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተው ብቻቸውን ናቸው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ማለት የፈለጉትን ብለው ያቆማሉ። ጴንጤ ናቸው፤ ወጥ ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት መዝሙር በአጥሩ ላይ አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። ሐኪም ለጉልበታቸው ብዙ እንዲራመዱ ስላዘዛቸው በየጠዋቱ ወደ ሐይቁ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር። እነዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ አሞራዎች ከእጃቸው ሊነጥቁ ሲሞክሩ እንዴት በጥላ እንደሚያባርሯቸው ሲነግሩኝ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የዓሣውን ጭንቅላትና ትርፍራፊ በአጥሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ በኩል ለሻምበል ያስቀምጡለታል። "ልጄ፣ ና" ይሉታል። እኔንም የሚጠሩኝ ልጄ እያሉ ነው።

መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። በሁዳዴ እኔ ቤት ሥጋም ወተትም ዓሣም አይገባም፤ ድስቴና ጭልፋዬ ሳይቀሩ ይጾማሉ። ለድመት ብዬ ቤቴን አላስፈስክምና ለሻምበል ሽሮ የነካ እንጀራ አቀርብለታለሁ። ያሸተዋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ጭራውን አቁሞ ወደ ቀዳዳዋ ይሄዳል። ጾሙ ሲጋመስ እኔ ከሳሁ፣ እሱ ወፈረ። ማታ ማታ በር ላይ መጠበቁንም ተወው።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የማኅበር ጓደኛዬ ብርቄ ሻምበልን አጥሩ ሥር ተቀምጦ ዓሣ ሲቆረጥም አየችውና "ውይ ጥሩዬ፣ ድመትሽ ጴንጤ ሆነ እኮ!" አለች። ሌላዋ ደግሞ "መዝሙሩንስ ለመደው?" ብላ ጨመረችበት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን አረረ። በሃይማኖቴ ስለተቀለደ ነው ያረርኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይደለም። የኔ የምለው አንድ ነገር ከእኔ ይልቅ ሌላ ሰው ስለወደደ ነው። ቀናሁ። ለጎረቤት ድመት የዓሣ ጭንቅላት በሰጡ አሮጊት ቀናሁ!

በማግሥቱ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አሰርኩለት። የኔ መሆኑ እንዲታወቅ ምልክት ነው፣ አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ማተብ ነበር። ድመት ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ናት እንግዲህ የምትናዘዝላችሁ።

ሳምንት ሳይሞላው እማማ ማርታ ቤቴ በር ድረስ መጡ። ክሩን በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል።

"ልጄ፣ ይሄ አንገቱን ያንቀዋል። ወፍሯል። በመቀስ ቆረጥኩት። ክርሽ እንዳይጠፋብሽ ይኸው" አሉኝ።

እሳቸው የቆረጡት የጠበበ ክር ነው። እኔ ያየሁት ግን የተበጠሰ ማተብ ነው። ጴንጤዋ የድመቴን ማተብ በጠሰችብኝ ብዬ፣ አዎ፣ ልክ እንደዚህ ብዬ በልቤ ጮህኩ። ክሩ ላይ የተነጨ የሻምበል ፀጉር ተጣብቆ ነበር፤ እውነትም አንቆት እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ይቅርታ አልጠየቅሁም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሻምበልን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወሰድኩት። እዚያ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ድመት አይጠላም። መንገዱን ሁሉ ጮኸ። ሹፌሩ "ምንድን ነው እናቴ?" ሲለኝ "ዶሮ" አልኩት። "በሁዳዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ባለ ወፍጮው መርቆኝ ተቀበለ። ባዶውን ከረጢት አጣጥፌ ተመለስኩ።

ሰኞ እማማ ማርታ በቀዳዳዋ አጎንብሰው ሲጣሩ ሰማሁ። "ልጄ! ልጄ!" ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ በሬን አንኳኩ።

"ልጄ የታለ? ታመመ እንዴ?"

"ለሰው ሰጠሁት" ብል ምን ይሉኝ ነበር? ምንም አይሉኝም። ድመቱ የኔ ነው። ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ "ሞተ እማማ። እርስዎ በሰጡት ዓሣ አጥንት ታንቆ ሞተ" አልኳቸው። አስቤበት የመጣሁበት ነገር አልነበረም። መታነቅ የሚለውን ቃል ራሱ ያገኘሁት ከእሳቸው አፍ ነው፤ ክሩ ያንቀዋል ብለው አልነበር?

እማማ ማርታ የቤቴ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩትና "በዚህ እጄ" አሉ። በቃ ይህን ብቻ ብለው ተነስተው ሄዱ። በዚያች ሰዓት ተከትያቸው ብሮጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘው መጡ። ለድመቴ ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው። ድንች ወጥ ነበር። "ቅቤ የለበትም፣ ጾምሽን አውቃለሁ። ድስቱ ቅቤ ይነካ ስለነበር በአመድ ሦስት ጊዜ አጠብኩት" አሉኝ። እኔ የማልዘምረውን መዝሙር የሚዘምሩ ሴት፣ እሳቸው የማይጾሙትን ጾሜን እንዳያስፈቱኝ ድስት በአመድ ሲፈትጉ ዋሉ። አጠገቤ ተቀመጡና ስበላ አዩኝ። እኔ ምን አደረግሁ? በላሁ። ጨርሼ በላሁ።

ከዚያ በኋላ እማማ ማርታ ወደ ሐይቁ መውረድ ተዉ። የአጥሩን ቀዳዳ በድንጋይ ደፈኑት። መራመድ ሲተዉ ጉልበታቸው ባሰበት፤ በዓመቱ ዱላ ያዙ። ወሬውም ሰፈሩን ዞረ። ማን አወራው? ብርቄ። ለብርቄ ማን ነገራት? እኔ። እማማ ማርታ ሰው ያመጣላቸውን ዓሣ ጠብሰው ለጎረቤት ሕፃናት ሲሰጡ እናቶች "አጥንት አለው፣ ተዉት" እያሉ ከልጆቻቸው እጅ ሲቀበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ።

በፋሲካ ማግሥት ጸጸቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ነበር። "ወይ እሱ! ሥጋ ቤት ገባ፤ ጾም ሲፈታ ሽታው ሳይጠራው አልቀረም" አለኝ ባለ ወፍጮው። ከመንገዱ ማዶ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ አገኘሁት። ሻምበል ብዬ ጠራሁት። ዞር ብሎ አየኝ፣ እግሩን ላሰ፣ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ምን ላድርገው? ፈረድኩለት።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ስድስት ዓመት ሄደ። በስድስቱ ዓመት እማማ ማርታ ያላደረጉልኝ ምን አለ? ሥራ ላይ ሆኜ ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብሴን ያስገቡልኛል። ውኃ ሲጠፋ ካጠራቀሙት አንድ ጀሪካን የኔ ነው። ልደትና ጥምቀት ሲሆን ከዘመዶቼ ቀድመው "እንኳን አደረሰሽ ልጄ" ይሉኛል። ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ባመሰገንኳቸው ቁጥር ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትመጣለች፣ እውጣታለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ታይፎይድ ጣለኝ። እማማ ማርታ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው "ተነሺ፣ እኔ ቤት ትተኛለሽ" አሉኝ። ሶፋቸው ላይ አስተኙኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ ኑሯቸውን የማየው በአጥር ላይ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ የሚሆነውን አላውቅም ነበር።

አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ዓሣ አመጣችላቸው፤ ሾርባ ሊሠሩልኝ ነው። ቀቀሉት። ከዚያ በትሪ ገልብጠው መስኮቱ ሥር ተቀመጡና ሥጋውን በጣታቸው እያፈረሱ፣ እያንዳንዷን ቁራሽ በሁለት ጣት እያሹ፣ ወደ ብርሃን እያነሱ መልቀም ጀመሩ። አንድ ሰዓት ያህል ለቀሙ። አውራ ጣታቸውን አጥንት ወግቶት ደምቶ ነበር፤ ጠርገውት ቀጠሉ። ሲጨርሱ መረቁን በነጭ ጨርቅ አጠለሉት። ከዚያ ያንኑ የለቀሙትን እንደገና ጀመሩት።

"እማማ፣ ይበቃል እኮ" አልኳቸው።

"አይበቃም" አሉ ቀና ሳይሉ። "ያኔ እንዲህ ባደርግ አይሞትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልለቅም ለሰው አልሰጥም። ለልጆቼም።"

ስድስት ዓመት! ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ዓሣ በቀረበ ቁጥር እነዚያ ጣቶች የኔን ውሸት ሲለቅሙ ኖረዋል። ማንኪያውን ወደ አፌ አመጡ። በእጄ መለስኩት።

"እማማ፣ ሻምበል አልሞተም።"

ክሩን፣ ከረጢቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሥጋ ቤቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንኪያው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ሰሙኝ።

"አጥንት አልነበረም?" አሉኝ።

"አልነበረም።"

"እኔ አልገደልኩትም?"

"አልገደሉትም እማማ። ዋሽቼዎት ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው "ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!" አሉ። እያለቀሱ ሳቁ። "ሥጋ ቤት ገባ? ብልጥ ነው ልጄ!" አሉ። ቁጣ ስጠብቅ የመጣው ደስታ ነበር፤ በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ደግነት ይኸው ነው። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ትክ ብለው አዩኝ።

"አንቺ ግን ክፉ ነገር ሠራሽ።"

"አዎ እማማ።"

"በጣም ክፉ።"

"አዎ።"

ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ብለው ማንኪያውን እንደገና ሞሉት።

የሰፈሬ ሰዎች ሆይ፣ ብርቄም ጭምር፣ ስሙኝ። የእማማ ማርታ ዓሣ ማንንም አልገደለም። ልጆቻችሁ ከእጃቸው ይብሉ። ቅናት ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ ሐሜት ነው ብዬ ማመካኘት እችላለሁ፤ ግን ብቸኛ ነበርኩ ብል እሳቸውስ ብቸኛ አልነበሩም? ማመካኛ የለኝም። ለንስሐ አባቴም የፊታችን ዓርብ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሰጡኝን ስግደት እሰግዳለሁ።

ትናንት ድኜ ስነሳ እማማ ማርታን በባጃጅ ወደ ሐይቁ ይዣቸው ወረድኩ። በዱላቸው አባ ኮዳ አባረሩ። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዘን ተመለስን፤ ጠብሰው አንዱን እንዳለ፣ ከነጭንቅላቱ፣ በሰሐን ፊቴ አቀረቡልኝ።

"እማማ፣ ይቅር ብለውኛል?" አልኳቸው።

"ብያለሁ" አሉና የራሳቸውን ሰሐን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "አጥንቱን ግን ዛሬ ራስሽ ልቀሚ።"