በአንድ ምት የተከፈለ ጨው

ባለፈው ሳምንት ለጡረታዬ ማስረጃ ፍለጋ ከሚሴ ከተማ ወደ ተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። መዝገብ ያዡ ልጅ አቧራውን እፍ ብሎ ፋይሌን ሲገልጥልኝ፣ ከውጤቴ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ «መምህሯን ይቅርታ ጠይቃ ወደ ክፍል ተመልሳለች።» ደሜ ፈላ። ወላሂ አልጠየቅኩም።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ትሄድና አፋሮቹ በግመል ካመጡት የድንጋይ ጨው ገዝታ ከሚሴ ገበያ ለጨፋ ሜዳ ከብት አርቢዎች ትቸረችር ነበር። መሰንጠቁ የእኔ ሥራ ነው። እንዲሁ በጉልበት ከመቱት ይፈረፈራል፤ ለከብቱ ዱቄት የሚገዛ ደግሞ የለም። መስመሩን ፈልገው የመጥረቢያውን ስለት ካሳረፉበት በኋላ ከላይ አንዴ ኳ ሲያደርጉት ግን እንደ ተላገ ጣውላ ልሙጥ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። የጠራው ቁራጭማ የቱንም ያህል ቢያንስ ማዕዘኑን አይለቅም። እጅ ላይ ጭረት ካለ ማቃጠሉን አታንሱብኝ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ከሌላ አገር የመጡ፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የሶዲየምና የክሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ ስለሆነ የጨው ድንጋይ በቀላሉ አይሰበርም ብለው አስተማሩ። እጄን አወጣሁ። በየሳምንቱ በአንድ ምት እንደምሰብረው፣ ስለዚህ ትስስሩ ደካማ መሆን እንዳለበት ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው የቀለድኩባቸው መሰላቸውና የጨው ነጋዴ ልጅ ኬሚስትሪ አታስተምረኝም ብለው አስወጡኝ። ይቅርታ እስክጠይቅ መግባት የለም።

አልጠየቅኩም። የማሽላው እሸት የደረሰበት ጊዜ ስለነበር አራት ቀን ሙሉ መስኮቱ ሥር ቆሜ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ ተማርኩ። የሰሌዳው ግማሽ አይታየኝም። አፌ ቢጣፍጥም ሐሳቤ አጎቴ ጋ ነበር፤ ከትምህርት ከቀረሁ እኔን የሚድርለትን ሰው አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።

በአምስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ እናቴን አስጠሩ። መጥረቢያዋንና አንድ የጨው ድንጋይ በዘንቢል ይዛ መጣች። ዳይሬክተሩ፣ መምህሩ አጠገባቸው ቆመው፣ አንዲት የይቅርታ ቃል ትበልና ትግባ አሏት። እናቴ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ «ዱጋ?» አለችኝ፤ ያልሽው እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ጨዉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መስመሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና በመጥረቢያዋ መታችው። ለሁለት ተከፈለ።

«እኔ ገበያ ላይ ለገዢ ዋሽቼ አላውቅም» አለች። «ልጄ ላላጠፋችው አጥፍቻለሁ ካለች ዋሸች ማለት ነው። አላስዋሻትም። ትምህርቱም ከቀረባት ይቅርባት።»

የአጎቴ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

መምህሩ ግን የተከፈለውን ጨው ሲያገላብጡ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ትስስሩ ደካማ ከሆነ እሳት ላይ ለምን አይቀልጥም? ጠንካራ ከሆነስ እንዲህ ለምን ይከፈላል? መልሱን ስታገኚ ትገቢያለሽ።»

ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ። ለካ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮኖች እየተፈራረቁ ተደርድረው አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ለማቅለጥ ስምንት መቶ ዲግሪ ይፈልጋል። አንዱ ረድፍ በምት ትንሽ ከተንሸራተተ ግን ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩም ከኔጌቲቭ ፊት ለፊት ይገጥምና ይገፋፋል፤ ድንጋዩም እዚያው ላይ ይለያያል። ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። «ተቀመጪ» አሉኝ። እሳቸውም ይቅርታ አላሉኝ፣ እኔም አላልኳቸው።

ትስስሩ ደካማ ነው ማለቴ ስህተት ነበር፤ ዛሬ መምህሩ ቢያገኙኝ ይህን ሳላቅማማ አምናለሁ። እናቴ ግን ካረፈች ቆየች። ያን ዕለት የልጇን ዕጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ያልሸጠችውን እውነት፣ አንድ ሰው ነገሩ እንዲለዝብለት ብሎ በቀይ ቀለም ሸጠባት። እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት መዝገብ ያዡን። ሰነድ አይነካም አለኝ፤ ልክ ነው፣ አልተጣላሁትም። ስለዚህ ማስተካከያውን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ተማሪዋ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እናቷ አልፈቀደችላትም።