ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ምርቃት

እኔ ግልፍተኛ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም። ያን ቀን ግን ዝም ማለት ሲገባኝ ተናገርኩ፣ መጮህ ሲገባኝ ደግሞ «አሜን» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ መሬቱ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲል፣ የተወለድኩባት መንደር አለች። አስተማሪ ነኝ፤ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ተመልሼ አስተምራለሁ። የመንደሩ ውሃ አንዲት ምንጭ ናት፣ ሌላ የለንም። እኛ ጠጥተን፣ ከብቱ ጠጥቶ፣ የተረፈው ቁልቁል ወርዶ የአሊዩ አምባ ሰዎች ማሳ ይደርሳል። ከምንጯ በላይ ያለውን ገደል አንድ ባለሀብት ለድንጋይ ካባ ወሰደው። ድማሚቱ ሲፈነዳ የክፍሌ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሰሞን ዴስክ ሥር ይገቡ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ምንጯ ግን አልለመደችውም። መጀመሪያ ደፈረሰች፣ ቀጥላ ቀጠነች። ሴቶቹ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን መጠበቅ ጀመሩ።

ጮኽን። ጩኸታችን ሲበዛ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ባልደረቦቹን አስከትሎ ከወረዳ መጣ፤ ጭራሽ ካባው ሊሰፋ መሆኑን አበሰረን። «ልማት ነው፣ ለልጆቻችሁ ሥራ ነው» አለ። ልማት ውሃ አይጠጣም እንዴ? እንዲህ ብዬ ብጠይቅ ሳቀብኝ።

ከዚያ ጋሼ ተነሱ። ጋሼ የምላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሙሽራ የሚመርቁ የአገር ሽማግሌ። «ድንጋዩን ውሰዱት፣ ድንጋይ ሞልቶናል። ውሃችንን ግን አትንኩብን» ብለው ተቀመጡ። እንግዶቹ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ሰብሳቢው ደብተሩን አጠፈና «እንግዲህ አባታችን ይመርቁንና እንዝጋ» አለ።

እኛ ዘንድ ስብሰባ ሳይመረቅ አይበተንም። ተሰዳድበንም ቢሆን መጨረሻው ምርቃት ነው። ጋሼ ተቀይመው ፊታቸውን አዞሩ። ይሄኔ እኔ፣ አፌን በቆረጠው ኖሮ፣ ጎንበስ አልኩና «ጋሼ፣ ኧረ ነውር ነው! እንግዳ ሳይመረቅ ይሄዳል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «መውጣት መግባታችሁን ይባርክ። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን!» አልን። የእኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ካባው ሰፋ። የመንደሩ ሰው «አንቺ ነሽ ፊደል የቆጠርሽው» አለኝና ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የቻለ ፈረመ፣ ያልቻለ አሻራውን አኖረ። ይዤ ደብረ ብርሃን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ግራ በመጋባት አየኝ።

«እናንተው መርቃችሁ የለ እንዴ?» አለኝና ቃለ ጉባኤውን አዞረልኝ። እንዲህ ይላል፦ «የአገር ሽማግሌዎች የካባውን መስፋፋት መርቀው፣ ሕዝቡም በአሜን ተቀብሎ ስብሰባው በስምምነት ተጠናቋል።» ከሥሩ ስንገባ የፈረምንበት የስም ዝርዝር ተያይዟል። የእኔ ፊርማ ከላይ ሁለተኛ ነው።

ደሜ ፈላ። «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ሌባም ቢሆን እንግዳ ሆኖ ከቤታችን ሲወጣ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ እንለዋለን። ታዲያ ስረቀን ማለታችን ነው?» አልኩት።

«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው» አለኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው የቀንበር ጠፍር እየቆረጡ ነበር። ጠፍሩን አስቀመጡት። «እኔ ነኛ ምንጯን የሰጠኋቸው?» አሉ። «የለም ጋሼ፣ ያስመረቅኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ፤ የሰሙኝ አልመሰለኝም። በዚያው ሳምንት ሰርግ ያለበት ቤት መርቁልን ብሎ ቢልክባቸው «ሌላ ሰው ፈልጉ፣ የእኔ ምርቃት ለክፉ ዋለ» ብለው መለሱት። ዕድሜ ልካቸውን የመረቁ ሰው ናቸው። እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው፣ እመኑኝ፣ ካባውን በጥርሴ ባፈርሰው ደስ ባለኝ።

ከዚያ በኋላ የቢሮውን ሰዎች እረፍት ነሳኋቸው። ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ ያ ቢሮ ደጃፍ ነበርኩ። «ፖለቲከኛ ሆንሽ» ያለኝም አለ። ውሃዬን ብሎ መጮህ ፖለቲካ ከሆነ፣ እሺ፣ ሆኛለሁ! በመጨረሻ ሰልችተውኝ ሁለተኛ ስብሰባ ጠሩ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ከአሊዩ አምባም ውሃው የጎደለባቸው ገበሬዎች ሽማግሌያቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የተናገርነውን ሁሉ ተናገርን፣ ያው ሰብሳቢ «ሐሳባችሁን ወስደናል» አለ። ከዚያም እንደ ልማዱ ደብተሩን አጠፈና «አባታችን ይመርቁን» አለ።

ጋሼ አልተነሱም። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው መሬት መሬት ያያሉ። ሰብሳቢው ወደ አሊዩ አምባው ሽማግሌ ዞረ፤ «እንግዲያው እርስዎ በዱዓ ይዝጉልን።»

«እኔም የምጠብቀው እሳቸውን ነው» አሉ ሽማግሌው።

አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሳም። እንግዶቹ ግማሽ ቆመው ግማሽ ተቀምጠው ቀሩ። ሰብሳቢው ፈገግ እያለ ወደ እኔ መጣ። «እህቴ፣ አንቺ እንኳ ንገሪያቸው እንጂ። ነውር አይደለም?»

«ነውርስ ነው» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ያንን አሜናችንን መልሱልን። ቃለ ጉባኤውን አንብብልን።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን መሬት እየመቱ «ይነበብ! ይነበብ!» አሉ። ቢቸግረው ፋይሉን አውጥቶ አነበበ። «መርቀው» ከምትለው ላይ ሲደርስ ጋሼ ቆሙ።

«ሰውን መረቅኩ እንጂ ካባውን አልመረቅኩም። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

እስኪጽፍ ቆመው ጠበቁት። ከዚያ እኔ ደግሜ እንዳነብበው አዘዙኝ፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። በዕድሜዬ ሳይመረቅ የቀረ ስብሰባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ ዞር አሉና «ምንጯ እንደ ድሮዋ ስትሆን ኑና ጥሩኝ፤ ያኔ እመርቃለሁ» አሉ።

እስከ ዛሬ መጥቶ የጠራቸው የለም።