«አርፏል» የሚለውን ቃል ለማስመለስ ደሴና ኮምቦልቻ

መሬታችን «አርፏል» ብዬ የተናገርኩትን «ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» ብለው ጻፉብኝ። በዚህ የተነሳ ጋራችን ለድንጋይ ማውጫ ሊሰጥ ነው። ከጽሑፉ ግርጌ የኔ ፊርማ አለ። ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ አነባለሁ፣ ግን ቀስ እላለሁ። ያን ቀን ቃሌን የጻፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቆመው ሲጠብቁኝ አፈርኩና ሳላነብ ፈረምኩ።

ጋራው ከቦሩ ሜዳ በላይ ነው። ክልክል እንለዋለን። ከብት አይገባበትም። ሳሩ ሲደርስ ይታጨድና በዕጣ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ሥርዓቱን ያፈረሰ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ደሴ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአገር ሰው መሬቱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚማሩበት ክፍል ከፍቶ ነበር። ተማሪዎቹ የጽሑፍ ትምህርታቸውን የሚሠሩት ከኛ አፍ እየጻፉ ነው። እኔ ዘንድም የመጡት ለዚሁ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያንን ጽሑፍ ማስረጃ አድርጎ ያዘው። አሳርማለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት

ከቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ ረዳቱ፣ «አባባ፣ ደሴ ሳንገባ ይጨርሱታል?» አለኝ። ሰው ሳቀ።

«አንተ በርህን ዝጋ» አልኩት።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያገኘሁት የጽሑፍ መምህራቸው ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ፤ ከወንበሩ ሌላ ግን ምንም አልሰጠኝም።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ አልጻፍኩትም እኮ። ተማሪዬ የነበረችው ጦይባ ናት የጻፈችው። እሷ ተሳስቻለሁ ካላለች እኔ ምን ብዬ አርማለሁ?»

«የት ትገኛለች?»

«ተመርቃለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሰኞ ከሰዓት

መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ኮምቦልቻ ስንቃረብ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ የወጣለት ጋራ አየሁ። ግማሹ ተገምጦ ቀይ ሆኗል፤ አንድ ቁጥቋጦ አልቀረለትም። ፊቴን አዞርኩ።

ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ እስኪለወጥ ቆምኩ። ጦይባ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተለጠፈ ወጣች። ዲግሪ ይዛ ክር ትቀጥላለች።

«ጋሼ! ምነው፣ ደኅና አይደሉም? ሰው ሞተ እንዴ?»

«መሬት ነው የሞተው። የገደልሽው አንቺ ነሽ።»

ጽሑፉን ዘረጋሁላት። አንብባ ስትጨርስ ከንፈሯ ደረቀ።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ እርስዎ እንዳሉት ነው የጻፍኩት። ይምጡ፣ ደብተሩ አለ።»

ከሦስት የፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር የተከራየችው ክፍል ቅርብ ነበር። ከፍራሹ ሥር ደብተሩን አወጣች። «አርፏል» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ «ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» ተብሏል። ከጎኑም፣ «የገበሬ ወሬ አትጻፊ፤ የጽሑፍ ቋንቋ ተጠቀሚ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ነጥብ ይቀንስብኛል ብዬ ነዋ» አለች። አለቀሰች። እኔ አላባበልኳትም። ደብተሩን ግን ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ዘመድ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስኩ። መምህሩ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር። ገብቼ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቀዩን ሲያይ ጠመኔውን አኖረ።

ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ። «ከአገልግሎት ውጭ የሆነ መኪና ምን ይደረጋል?»

«ተፈታትቶ ይሸጣል» አለ አንዱ።

«ያረፈ በሬስ?»

«ይጠመዳል።»

ከኋላ አንድ ቀልደኛ፣ «ሰውም ሲሞት አርፏል ይባላል እኮ አባባ!» አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ አልመጣልኝም።

መምህሩ አልሳቀም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ፣ እዚያው ተማሪዎቹ ፊት። የማረሚያ ደብዳቤውን በእጁ ጻፈ፤ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ማኅተም አስመትቶ አብሮኝ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። የመሬት ኃላፊው ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ «ዘግይታችኋል፤ የታችኛው ወገን ተላልፏል። የላይኛውን እናያለን» አለን። መምህሩ ሊከራከር ሞከረ። ሰውዬው ስልኩን አነሳ።

ማታ ቤቴ ገባሁ። የሰፈሩ ሰው ደጄ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ያለውን ነገርኳቸው። አንዲት ባልቴት፣ «ታዲያ የእኛ ዕጣ ከየት ሊታጨድ ነው?» አለችኝ። የእሷ ቤት ዕጣ ታች ነበር የወጣው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄን ነው፤ የተማረ ሰው ቃሌን አሳምርልሃለሁ ሲለኝ እጁን እይዘዋለሁ። ከእንግዲህ ተማሪ ቢመጣ የጻፈውን ቃል በቃል ሳያነብልኝ ከጋራው አይወርድም።

የላይኛው ክልክል ሆኖ እንዲቆይ፣ የታችኛው ለድንጋይ ማውጫ እንዲሆን ተወሰነ። ማሽኑ ግን ውሳኔውን አልጠበቀም፤ መቆፈር ከጀመረ ሳምንት አልፎት ነበር። ወረቀቱ የደረሰን ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ በሚካኤል ዕለት ነው።