የቀኝ እጅጌ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም ነበር። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ገባ ብላ ባለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ግን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ለወፈረው አሰፋለሁ፣ ለከሳው አጠባለሁ እንጂ ብትን ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ ገበያው እሸኘው ነበር። ከስልኩ ላይ የቀሚስ ፎቶ እያሳየ የሚለምነኝም አይጠፋም። ጊዜ የለኝም እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጠፍቶ አላፊ አግዳሚውን ስቆጥር የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሙሉ ጨርቅ ላይ መቀስ ማሳረፍ እፈራ ነበር።

ሙያውን ስማር አንድ ጊዜ የደንበኛ ሱፍ ቆርጬ ሱሪው በአራት ጣት አጠረ። ያስተማረኝ ሰው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መቀሱን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና፣ «አንተ ጥገናው ላይ ብትሆን ይሻላል» ብሎኝ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኔም እሺ ብዬ ጸጉሬ እስኪሸብት ጥገናው ላይ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝም ነበር። የተሰፋ ልብስን አንዴ ሌላ ሰው ቆርጦታል፤ ጥፋት ቢኖርበትም ጥፋቱ የሱ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ጎረቤቴ ዝናቡን እየሸሹ በረንዳዬ ገቡ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ኮልፌ ገበያ ቅመም ሲነግዱ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የሚገዙት ልብስ ሁሉ ቀኝ ክንዳቸውን ሲያነሡ ይይዛቸዋል፤ እየፈታሁ የማላላላቸው እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ግን ከፌስታላቸው ያወጡት ብትን ጨርቅ ነበር፤ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ነጫጭ አበባ ጣል ጣል ያለበት። ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት ገዝተውላቸው ነው። እሳቸውም ይበላሽብኛል ብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት አራት ዓመት ተቀምጧል። አሁን ለመስቀል አገር ቤት ሊገቡ ነው፤ ባላቸው የተቀበሩት እዚያ ነውና፣ ይህን ለብሰው መግባት አማራቸው። እኔ ጠጋኝ እንጂ ሰፊ አለመሆኔን፣ ገበያው ውስጥ ደህና ደህና ሰፊዎች መኖራቸውን ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣

«ሌላው ሰፊ ቀጥ ብዬ የቆምኩ እየመሰለው ነው የሚሰፋው» አሉኝ። «የኔን መጣመም የምታውቀው አንተ ነህ።»

ጨርቁን መኪናዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው ብዬ ይዤው ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ጨርቅ እኮ ነው፣ ሰው አይደለም፣ ምን ያስፈራል አለች። ቢበላሽ የሚተካ እንዳልሆነ፣ ማን እንደገዛው ስነግራት ሳቋን ተወችው። ትንሽ አሰበችና ወንበር ላይ ወጥታ የጓዳውን አሮጌ መጋረጃ አወረደች፤ በዚህ ጀምር ብላ አቀበለችኝ። በሷው ልክ ቀሚስ አድርጌ ሰፋሁላት። ጀርባው ትንሽ ይጎትታል፤ ከአንገቱ በታች የመጋረጃው ቀለበቶች ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ትለብሰዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አውልቂው ብላትም አትሰማኝም።

እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ቆረጥኩ። ልኩን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አውጥቼ፣ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፌ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሳሙና አሰመርኩ። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። እጄን ስላላበኝ ሦስት ጊዜ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። የፊቱን አካል ቆረጥኩ፤ ደህና ነው። የጀርባውን ቆረጥኩ፤ እሱም ደህና ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻዬን በረንዳ ላይ ፈገግ እል ነበር።

ቀጥሎ እጅጌው ነው። እጅጌ የሚቆረጠው ጨርቁ ለሁለት ታጥፎ፣ ሁለቱ ባንዴ ነው። ይህን ማንም ሰፊ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ብሳሳት ሁለቱም አብረው ይበላሻሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጨርቁን ሳላጥፍ ወረቀቱን አስቀምጬ አንዱን ቆረጥኩ፤ ያንኑ ወረቀት በዚያው ገጹ መልሼ አስቀምጬ ሌላውን ቆረጥኩ። መገጣጠም ስጀምር ግራው ልክክ አለ። ቀኙ እምቢ አለ። ባዞረውም፣ ብገለብጠውም እምቢ አለ። ጨርቁ ፊትና ጀርባ ያለው ነው፤ ለካ ወረቀቱን ሳልገለብጥ የቆረጥኩት ሁለት የግራ እጅጌ ኖሯል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። መቀሱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የቀረው ቁርጥራጭ ለሌላ እጅጌ አይበቃም። ሟቹን አሰብኩ፤ ከዚያ አራት ዓመት የተቆለፈውን ሳጥን አሰብኩ። ከማዞሪያው «አስኮ! አስኮ!» እያለ ተሳፋሪ የሚጠራው የታክሲ ረዳት ድምፅ እንኳ የራቀኝ መሰለኝ።

ከዚያ፣ ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ እጄ ያንን የተበላሸ እጅጌ አንሥቶ ያገላብጠው ጀመር። አንድ ሰው ይህን ይዞ መጥቶ «ሰፊው አበላሸብኝ» ቢለኝ ምን እለው ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ወዲያው መጣልኝ፦ «ሐሙስ ይምጡና ይውሰዱ።» ሳቄ አመለጠኝ። ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠራ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ አጥፍቶ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ የፈራሁት ደግሞ ወደ ራሴ መምጣትን ነበር።

የበዛውን ጎን ቀነስኩ፤ የጎደለውን ጎን በብብቱ ሥር በቅጠል ቅርጽ በቆረጥኳት ቁራጭ ሞላሁት። አበቦቹን ከአበቦቹ አገጣጠምኩ። ቁራጯ እጅን ካላነሡ በቀር አትታይም።

ሐሙስ ዕለት እማማ ቀሚሱን ወሰዱ። ስለ ጥገናዋ ትንፍሽ አላልኩም። ጥቂት ቆይተው ለብሰውት ተመለሱ፤ በረንዳዬ ፊት ቆሙና ቀኝ እጃቸውን ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው አነሡ። አወረዱት። ደግመው አነሡት። ያን ጊዜ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ቀኙን ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት» አልኳቸው። «ከሥሩ ጠግኜዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በግራ እጃቸው ብብታቸው ሥር ዳሰው ቁራጯን አገኟት፤ ዙሪያዋን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ግራ እጃቸውን አነሡ። እሱ በደንብ የቆረጥኩት ነው፤ ግን ከትከሻቸው ላይ ቀሚሱን ይዞ ጎተተው።

«ከወደቅኩ ወዲህ ይቺ ቀኝ እጄ ልብስ ውስጥ ሆና እንዲህ ተነሥታ አታውቅም» አሉኝ። «ግራው ግን ያዘኝ። እሱንም እንደዚህ አበላሽልኝ።»

የሚሉት ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። ቤታቸው ሄደው ልብስ ቀይረው፣ ቀሚሱን አጣጥፈው አመጡልኝና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። የቀረችኝ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ነበረች፤ ለካኋት፤ ትበቃለች። መቀሱን አነሣሁና እሳቸው እያዩኝ፣ በትክክል የቆረጥኳትን ብቸኛዋን እጅጌ ቆረጥኳት።