ከመሬት በታች የሚኖረው ደንበኛዬ

ሱቄ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ፣ ከማዕድን የወጣው ቢጫ አፈር ከተከመረበት ሥር ነበረች። ነፋስ ሲነሳ አቧራው ዳቦው ላይ ሳይቀር ያርፋል። በተተወው ጉድጓድ ገብተው ያለ ፈቃድ ወርቅ የሚቆፍሩ ደንበኞች ነበሩኝ። አንደኛው ከሌሶቶ የመጣ ጎልማሳ ነው። አንዴ ከገባ ሦስት አራት ወር እዚያው ይኖራል። የእሱ ቤት ብርድና ነፋስ እንደማያውቀው እየነገረኝ በቆርቆሮ ሱቄ ይቀልድ ነበር። አልጋው ካርቶን ነው፤ ጎረቤቶችም አሉት። በግምት እሑድ ነው ባሉት ቀን በባትሪ ብርሃን ተሰብስበው ይዘምራሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና ይህን ወደድኩለት።

ኮሮና ሲገባ እሱ ታች ነበር። እኔ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ላይ ፕላስቲክ ወጥሬ በትንሽ ቀዳዳ እሸጥ ጀመር። ሂልብሮው በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር አንድ ክፍል አብሮኝ ይኖር የነበረ ያገሬ ልጅ በበሽታው ሞተ፤ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያስነጥስ ከቀዳዳው እሸሽ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰውየው ከጉድጓዱ ወጥቶ መጣ። ከስቷል፣ ያስለዋል። ከፀሐዩ ዓይኑን በእጁ ከልሎ፣ ሰው ሁሉ አፉን የሸፈነው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በሰባራ ዙሉዬ አስረዳሁት። መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔ አለመሳቄን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ስልክህን አውሰኝ። እናቴ አርጅታለች፤ በሕይወት መኖሯን ልስማ» አለኝ።

የእሱ ስልክ ጉድጓድ ውስጥ ረጥቦ ከተበላሸ ቆይቷል። በፊት በእኔ ስልክ ስንቴ ደውሏል። ያን ቀን ግን የታየኝ ሳሉ ብቻ ነበር።

«ባትሪው አልቋል» አልኩት።

ስልኬ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ መዝሙር እያሰማ ነበር። ሰምቷል። አልተከራከረኝም፤ ዳቦና ሻማ ገዝቶ ሄደ። መንገዱም ድንበሩም ተዘግቶ ስለነበር አገሩ መግባት አይችልም። ተመልሶ ጉድጓዱ መውረዱን ጓደኞቹ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ገደቡ ከላላ በኋላ እህቱ ፎቶውን ይዛ ሱቅ ለሱቅ ስትፈልገው እኔ ዘንድ ደረሰች። እናታቸው አለች፤ እስካሁን ትጠብቃለች። መጥቶ እንደነበር፣ ስለ እናቱም እንደጠየቀ ነገርኳት። ስልክ እንደለመነኝና እንደከለከልኩት ግን አልነገርኳትም።

እህቱ በቀዳዳው እጇን አስገብታ እጄን ያዘችና እያለቀሰች አመሰገነችኝ። እኔም ምስጋናዋን ተቀበልኩ።