ወለተኪዳን እህቷን ያወረደችበት ኅዳር

ወለተኪዳን የወንጪት ቆላ ልጅ ናት። ማሽላና ጥጥ በሚበቅልበት፣ በበጋ ሰው ደጁ ላይ ቁርበት አንጥፎ በሚተኛበት አገር አድጋ፣ ጓሳ አፋፍ ላይ ለሚኖረው ለጌጡ ተዳረች። ጌጡ ገብስ አራሽና በግ አርቢ ነው፤ ንግግሩ ቁጥብ፣ እርጋታው ብዙ። የበግ ጠጉር መፍተልን ያስተማሯት አማቷ እመት ጥሩሸዋ ናቸው። ጥጥ ሲፈትል ያደገ እጅ በጠጉሩም ላይ ረቀቀ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ፈትሏ ከደገኞቹ ፈትል ቀጥኖና ተስተካክሎ ታየ። ከጠጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ የሚሠሩት የዘመሮ ሰዎችም ገበያ ሲውሉ «የቆላይቱ ፈትል የታለ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ።

ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ሰው ሲናገር እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ ሲጨርስም ጥቂት ትቆይና ነው የምትመልስ። ከሰው ተጣላች ሲባል የሰማ የለም። በዚያ ኅዳር ያደረገችው ነገር ጎረቤቱን ሁሉ ያስደነቀው ለዚህ ነው።

ጣሊያን ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወንጪት ዳር ካሉት መንደሮች አንዳንዶቹ አርበኛ አብልታችኋል ተብለው ነደዱ። የወለተኪዳን ታናሽ እህት ደብሪቱ ባሏ ወዳጆ ዱር ከገባ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ቤቷ ሲቃጠል በለበሰችው ቀሚስና በአንዲት ኩታ አመለጠች። ሽቅብ ከሚሸሸው ሰው ጋር ተደባልቃ፣ ሳትበላና ሳትተኛ ገደሉን ወጥታ፣ በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቷ ደጅ ደረሰች።

እመት ጥሩሸዋ ራሳቸው ውሃ አሙቀው እግሯን አጠቡላት። በዚያ አገር የእንግዳ እግር ከታጠበ እንግዳው የቤቱ አደራ ሆነ ማለት ነው።

«እንግዲህ አትፍሪ ደብሪቱዬ» አሏት እግሯን በጋቢያቸው ጫፍ እያደረቁ። «ጣሊያኑ እዚህ ልውጣ ቢል አፍንጫው ይረግፋል። የኛ ብርድ ከመትረየስ ይብሳል።»

ደብሪቱ ልትስቅ ሞከረች፤ ግን ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አቀረቀረች።

ሲነጋ ራሷን ይፈልጣት ጀመር። የቀመሰችው ሁሉ ተመለሰ። «መንገዱ ነው፣ ያልፍላታል» አሉ። በሁለተኛው ቀን አላለፈላትም። በሦስተኛው ቀን ተቀምጣ ሳለ እንኳ ሸክም ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ታለከልክ ነበር። ወደ ደጅ ልትወጣ ስትነሣ ጠላ እንደ በዛበት ሰው ተንገዳግዳ ምሰሶውን ያዘች።

ጎረቤቱ መድኃኒት ይዞ መጣ። ጠጄ የምትባለው ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ አመጣች። «ብርድ ነው የመታት፤ ቆለኛ ብርድ አያውቅም» አለች። በሩን ዘጉት፣ እሳቱን አነደዱት፣ ሁለት ባና ደራርበው ምድጃው ሥር አስተኟት። ቤቱ በአስታ እንጨትና በኩበት ጢስ ታፈነ። ሌላዋ «ሐዘኑ ነው፤ ቤቷ ሲነድ አይታ» አለች። ሁሉም ከልቡ ነበር፤ ማንም አልሰሰተም።

ወለተኪዳን ግን እህቷን አረቄ ለማጠጣት ቀና ስታደርጋት፣ የጣቶቿን ጥፍር በእሳቱ ብርሃን አየችው። ጠቁሯል። ይህን ጥፍር ታውቀዋለች። ሙሽራ ሆና ስትመጣ የገዛ እጇ እንዲህ ሆኖ ነበር።

ያን ጊዜ ራሷን ሲያማት፣ ምግብ ሲመልሳት፣ ሰው ሁሉ ኩርፊያ ነው ብሎ ነበር። «ባሏን ጠላችው» ተባለ። እመት ጥሩሸዋም «ልጄ ምን ጎደለው?» እያሉ ለጎረቤት ያለቅሱ ነበር። ከዚያ የመልስ ቀን ደረሰ፤ ሙሽሪት ከባሏና ከሚዜዎቹ ጋር ወደ እናትና አባቷ ቤት ለግብዣ ወረደች። በበቅሎ ላይ ደግፈው አስቀምጠዋት ከቤት የወጣች ልጅ፣ ቆላ ስትደርስ በላች፣ ጨፈረችም። ሚዜዎቹ ተመልሰው «እናቷ ቤት ስትገባ ዳነች፤ በሽታዋ የጌጡ ቤት ነው» ብለው አወሩ። ጌጡ ለብዙ ጊዜ ተሣቀበት። ስትመለስ እንደገና ታመመች፤ ተረቱም ጸና።

ከዓመታት በኋላ ለልቅሶ ወርዳ ስትመለስ ግን እግሯ ቆስሎ ከዳገቱ መካከል፣ ያን ጊዜ በሕይወት በነበረችው አክስቷ ቤት ሰነበተች። ከዚያ ስትወጣ ራሷን ጨርሶ አላመማትም። ነገሩን በልቧ ያዘችው። ዓይን አፋር ስለሆነች ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገርስ ማን ይሰማታል?

አሁን ተነሣችና አማቷ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ደብሪቱን ላወርዳት ነው።»

«ወዴት ነው የምታወርጃት?»

«እንዶድ ዋሻ ድረስ። ከዳገቱ መካከል።»

«ታች ጣሊያን አለ እኮ አንቺ!»

«ጣሊያኑ ከዋሻው በታች ነው።»

እመት ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «እግሯን ያጠብኳት ስደተኛ፣ ያውም ታማ፣ ከቤቴ ትውጣ? ‹ጥሩሸዋ እህል ሰስታ እንግዳዋን ለጠላት ሸኘች› ይበለኝ ሰው?»

«ወለተኪዳን ናት በሏቸው።»

«ወለተኪዳንስ የማን ምራት ናት?»

ጠጄ ከምድጃው ማዶ «ለታመመ ሰው ቁልቁለት መድኃኒት ሆኖ አላየሁም» አለች።

ወለተኪዳን «እማማ፣ እኔ ለመልስ ስወርድ እንደዳንኩ ያስታውሳሉ?» አለች።

«የናትሽን ዶሮ አይተሽ ነዋ የዳንሽው!»

«ዶሮው ሳይታረድ ነው የዳንኩት። ገና መንገድ ላይ፣ ወይራው ዘንድ፣ በቅሎዋ ላይ ሳለሁ። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ሁሉም ወደ ጌጡ ዞረ። ጌጡ ለፈረሱ ልጓም እየሰፋ ነበር፤ መርፌውን ቆዳው ላይ ሰክቶ ተወው።

«እውነቷን ነው» አለ። «ወይራው ዘንድ ስንደርስ ዘፈነች። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ከኔ ስትርቅ ደስ አላት ብዬ።»

ወለተኪዳን ቀና ብላ አየችው። ይህን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ቃል ነግሯት አያውቅም። «ካንቱ መራቅ አልነበረም» አለች፣ ድምጿ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ብሎ፣ «ከደጋው መራቅ ነው።»

እመት ጥሩሸዋ አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ ምራታቸውን ተመለከቱ። «እንግዲያው ራሳችሁ ተወጡት» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን አልሸኝም። የታመመ እንግዳ ሸኝቼ አላውቅም።» ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ።

ጌጡ ፈረሱን ጫነ። ደብሪቱን በባና ጠቅልለው ኮርቻው ላይ አወጧትና በመቀነት አሠሯት። የጓሳው ሣር በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ ፈረሱ ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። ወለተኪዳን የእህቷን ጉልበት ይዛ በጎን ትሄድ ነበር፤ የምታዳምጠው ትንፋሿን ነው። የአስታውን ቁጥቋጦ አለፉ፤ ለውጥ የለም። ከአስታው በታች ቁልቁለቱ በረታ፣ ነፋሱም ለዘብ አለ። ወይራው ዘንድ ሲደርሱ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ውሃ» አለች።

ጠጣች፤ አልመለሳትም። ዋሻው ደርሰው ሲያወርዷት ደግሞ «የሚበላ የለም?» ብላ ጠየቀች። ጌጡ ፊቱን አዙሮ የፈረሱን ኮርቻ ማላላት ያዘ። ወለተኪዳን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

ጌጡ በጎቹን ትቶ ሊከርም አይችልምና በማግስቱ ተመለሰ። እህትማማቾቹ ቀሩ። ከዋሻው አፍ ሆነው ሲመለከቱ የጣሊያን ወታደሮች ድንኳን በወንዙ ማዶ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያቸዋል። አልፎ አልፎ አውሮፕላን በገደሉ ውስጥ ሲያልፍ ደብሪቱ ጆሮዋን ይዛ ትደፋለች። ቀን እሳት አያነዱም፤ ጢሱ ይታያል። የሚበሉት በሶና ቆሎ ነበር።

ደብሪቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ደኅና ሆነች። ደኅና ስትሆን ደግሞ እዚያው ልቅር አለች። ወለተኪዳን ግን ዋሻው ቤት እንደማይሆን ታውቅ ነበር። ባንዶች የገደሉን ወገብ እየፈተሹ እንደሆነ መንገደኞች ነግረዋታል። እህቷ ለመትረፍ መውጣት አለባት፤ ቸኩላ ከወጣች ደግሞ ትሞታለች። ስለዚህ ደጋውን ቀስ በቀስ እንድትለምደው በየቀኑ ጥቂት ገብስ አሸክማ ወደ ወይራው ታወጣትና ለመተኛት ወደ ዋሻው ትመልሳታለች። ወይራው ሲለመድ ከዚያ በላይ። አንድ ቀን ራሷን ካመማት በማግስቱ ዕረፍት ነው።

«እንደ ፈረስ እኮ ነው የምትገሪኝ!» አለች ደብሪቱ አንድ ቀን፣ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብላ።

«ፈረስ ይህን ያህል አያወራም።»

«ወጥቼ ልመለስ፣ ወጥቼ ልመለስ! ይህን ገብስ ስንት ጊዜ ነው የምሸከመው? ገብሱ ራሱ መንገዱን አወቀው።»

«እንግዲያው ነገ እሱ ይምራሽ» አለቻት ወለተኪዳን፣ ሸክሙንም ተቀበለቻት።

ደጋ ላይ ግን ወሬው ሌላ ነበር። «እህቷን ገደል ጣለቻት» ይባላል። ጌጡ በሶ ይዞ ሲወርድ ይህን አልነገራትም፤ ከፊቱ ግን አነበበችው። አልጠየቀችውም።

አንድ ጧት ደብሪቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሮጣ ተመለሰች። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከታች በመንገዱ እየወጡ ነው። ባናውንና የበሶውን አቁማዳ አንሥተው በቁጥቋጦው ውስጥ ሽቅብ ተነሡ። ወይራውን አልፈው አስታው ጫፍ ሲደርሱ ወለተኪዳን ቆመች።

«ምን ያቆምሻል?» አለች ደብሪቱ። «ሳይመሽ ቤት እንገባለን! ነይ!»

ወለተኪዳንም መሮጥ ፈልጋ ነበር። ከታች የሰው ድምፅ ይሰማታል፤ ከላይ ደግሞ ያ ጠቁሮ ያየችው ጥፍር ይታያታል። ጠመንጃው ሊስታቸው ይችላል፤ ደጋው ግን እንደማይስት አሰበች።

«እዚህ እናድራለን» አለች።

«እዚህ? ሊገድሉን?»

«ተኚ።»

አስታው ሥር ተጋድመው ባናውን በላያቸው ሳቡ። ባንዶቹ ዋሻው ደርሰው የመኝታቸውን ሣር አነደዱት፤ ጢሱ እነሱ ድረስ ወጣ። አንዱ ሲስቅ፣ ሌላው «ሴቶች ናቸው፣ ተዋቸው፤ ወደ ላይ ብርዱ ይጨርሳቸዋል» ሲል በገደሉ አስተጋብቶ ተሰማ። ደብሪቱ የእህቷን ክንድ ነክሳ ዝም አለች። ሰዎቹ ወረዱ። እህትማማቾቹ ግን በዚያ ቀን አልተነሡም፤ በማግስቱም ወለተኪዳን አላስነሣቻትም። ቅዝቃዜው አጥንት ይበሳ ነበር። እሳት የለም፤ በሶው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ወለተኪዳን በየጊዜው ጆሮዋን እህቷ ደረት ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፣ ጥፍሯንም ታያለች። ክንዷ ላይ ያለው የጥርስ ምልክት አብጦ ነበር፤ እሱን አላየችውም።

ከዚያ ወጡ። ቀስ ብለው፣ እየተቀመጡ፣ ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ባዩ ቁጥር ጥላው ሥር እያረፉ።

እመት ጥሩሸዋ ደጅ ላይ ነበሩ። ሰላምታም ሳይሉ የደብሪቱን እጅ ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ በግ የሚገዛ ሰው ጥርስ እንደሚያይ ጥፍሯን አንድ በአንድ አዩ።

«ቀይ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ወለተኪዳን ዞረው «አንቺ ግን አመድ መስለሻል፤ ግቢና ተኚ» አሏት። ጠጄ ልትናገር አፏን ስትከፍት «አንቺ ደግሞ አረቄሽን ለራስሽ ጠጪ» አሏት።

ወለተኪዳን ብዙ ተኛች። ስትነቃ ጎኗ ያለው የደብሪቱ መኝታ ባዶ ነው፤ በሩም ተከፍቷል። ደጋው የያዛት መስሏት ነጠላዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። ግቢው ውስጥ የለችም። ከበረቱ ጀርባም የለችም። አፋፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ወደ ምንጩ ስታይ፣ እንስራ በጀርባዋ ያዘለች ሴት በቀጭኑ መንገድ ሽቅብ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ቆመች፤ ተነፈሰች፤ እንደገና ተራመደች። የጓሳ ሴት ሁሉ እንስራ ይዛ ስትወጣ የምታርፈውን ያህል ብቻ ነው ያረፈችው።

«ምን ሆነሽ በቀሚስ ቆመሻል?» ብላ ጮኸች ደብሪቱ ከሩቅ። «ውሃችሁ እንዴት ያለ ነው ባካችሁ! አፌን ተጉመጥምጬ ጥርሴ ሊረግፍ ነው!»

ወለተኪዳን ወርዳ እንስራውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ደብሪቱ እምቢ ብላ አልፋት ገባች።