ዶንካ የሸሸችው መንገድ

ከሆስፒታሉ እስከ ዶንካ ቤት አጭሩ መንገድ በገበያው በኩል ያለው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሄደችበትም እሱ ነው። በዚያ ክረምት ግን በባቡር ሐዲዱ ዳር፣ በጭቃውና በተጣለው ብረታ ብረት መሃል እየዞረች መግባት ጀመረች። ያያት ሁሉ ለጤናዋ የምትራመድ ይመስለው ነበር። እሷም እንደዚያ ቢመስላቸው ትመርጥ ነበር።

የሸሸችው ወረቀቱን ነው። በእኛ በቡልጋሪያ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ያለበት የሙት ማስታወቂያ ይታተምና በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይለጠፋል። በአርባው ሌላ፣ በሙት ዓመቱም ሌላ። በደህናው ጊዜ ሰው ቆም ብሎ ያነባል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ ዳቦውን ገዝቶ ያልፋል። በዚያ ክረምት ግን ምሰሶው አልበቃ ብሎ ወረቀት በወረቀት ላይ ተደረበ። ለሌላው ሰው ጎረቤት፣ የድሮ መምህር፣ የሥጋ ሻጩ አባት ነበሩ። ለዶንካ አብዛኞቹ የራሷ በሽተኞች ነበሩ። በፎቶው ላይ ከረባት አስረው ፈገግ ብለዋል። እሷ ያየቻቸው እንደዚያ ሆነው አልነበረም።

አባቷ በመንደራቸው ጋሪ ጠጋኝ ነበር። "እኔ ጋሪ ስጠግን አረጀሁ፤ አንቺ ሰው ጠግኚ" ብሎ ነው ነርስነት ያስገባት። እንዳላትም አደረገች። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ፀጉሯ ሸብቶ ጡረታ ወጣች፤ ከቤቷ ጓሮ ቃሪያ መትከል ጀመረች። ትንፋሽ የሚያሳጥረው ወረርሽኝ ሲመጣ ሆስፒታሉ ሰው አልነበረውም። ወጣት ነርሶች ከድሮም ጀርመንና ጣሊያን ገብተው ቀርተዋል፤ ከቀሩት ግማሾቹ ራሳቸው ታመዋል። የነርሶች አለቃ ስትደውልላት ስታመን የሚባለው ባሏ ስልኩን ከእጇ ሊነጥቅ ምንም አልቀረው።

"ጡረተኛ ነሽ እኮ ሴትዮ" አላት። "ድርሻሽን ጨርሰሻል።"

"ታዲያ ማን ይሂድ? አንተ ትሄዳለህ?"

"እኔ መርፌ ሳይ ነው የምወድቀው።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ቃሪያውን ልቀም።"

ሄደች። እጇ ሥራውን አልረሳም ነበር። በዚያ የላስቲክ ልብስ ተጠቅልላ፣ መነጽሯ በላብ እየደበዘዘ፣ ከእሷ እጥፍ የሚከብደውን በሽተኛ ትንፋሽ እንዲያገኝ ገልብጣ በሆዱ ታስተኛለች፤ ታጥባለች፤ ኦክስጂን ትለውጣለች። ጠያቂ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ በገዛ ስልኳ ለየቤተሰቡ ትደውላለች። ይህን አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም። ባትደውል ማንም አይጠይቃትም ነበር።

የጎዳትም ይኸው ስልክ ነው። ቦቲዮ የሚባል ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝቶ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው። አንድ ቀን ደህና ዋለ። ዶንካም ደስ ብሏት ለሚስቱ ለቬላ ደወለችና "ዛሬ በልቷል፤ ተሽሎታል" አለቻት። በማግስቱ ሥራ ስትገባ አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ አገኘች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ጠፋ። የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲፍለቀለቅ በውሃ ውስጥ የሚያልፈው የኦክስጂን ድምፅ ይመስላትና ብድግ ትላለች። ሳህን ከእጇ እየወደቀ ስለሚሰበር ዕቃ ማጠቡን ባሏ ያዘ። በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያችን ሴት ዋሸኋት።

በክፍሉ ጊና የምትባል አሮጊት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ አፏ የማይዘጋ።

"ግድግዳው ላይ ለጨነቃችሁ ደውሉ የሚል ቁጥር ለጥፈዋል" አለቻት አንድ ቀን። "አላየሽም?"

"አይቻለሁ። አንቺ ደወልሽ?"

"ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል አለኝ። ለካ ያበድነው እኛ ብቻ አይደለንም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስሚኝ፣ እኔ ጠጥቼ እረሳለሁ። አንቺ ሳትጠጪ ታስታውሻለሽ። እንደዚህ ሆነሽ አትዘልቂም" አለቻት።

እሷም አልዘልቅም ብላ ነበር። በወሩ መጨረሻ እንደምትተው ለነርሶች አለቃ ነገረቻት። አለቃዋ አልለመነቻትም፤ ለመለመን የሚሆን አቅም አልቀራትም ነበር። ዶንካ ከወጣች ግን ወለሉን ሙሉ የምትይዝ አንዲት ነርስ ብቻ እንደምትቀር ሁለቱም ያውቃሉ።

በዚያው ሰሞን ከባድ በረዶ ወረደና የሐዲዱ መንገድ ተዘጋ። ዶንካ ምን ታድርግ፣ አንገቷን ደፍታ በገበያው በኩል ገባች። የቬላ ቤት መንገዱ ላይ ነው። ቬላ በሩ ላይ ከተለጠፈው ከባሏ ፎቶ ሥር፣ በስኳርና በዋልነት የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዛ ለአላፊ አግዳሚው እያደለች ቆማለች። የቦቲዮ አርባ ነበር።

"ሲስተር ዶንካ፣ ቁሚ እንጂ።"

ቆመች። አሁን ትሰድበኛለች አለች በልቧ፤ ደግሞም ይገባኛል።

"በባቡሩ መንገድ ነው የምትሄደው አሉኝ። ከእኔ ነው የምትሸሺው?"

"ተሽሎታል ብዬሽ ነበር" አለች ዶንካ።

"ብለሽኛል። እኔም የተኛሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው።" ቬላ ሳህኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "በላ አልሽኝና ስልኩን ዘጋሽው። ምን እንደበላ አልነገርሽኝም። እኔ ቁጭ ብዬ እሱን ነው የማስበው። ምን በላ?"

ዶንካ ይህን አልጠበቀችም። "የምስር ሾርባ" አለች።

"ወደደው?"

"ምን ይወደዋል። ይሄ ሾርባ አይደለም፣ ምስሩ የታጠበበት ውሃ ነው ብሎ ሰደበን። ከዚያ ጥርግ አድርጎ በላው። ለክረምት በበርሜል የተጣለ የኮመጠጠ ጎመን ውሃ ካላመጣችሁ አልተኛም አለ። ጊና ከቤቷ በርሜል ቀድታ በጠርሙስ አመጣችለት።"

"ጠጣላት?"

"ቀመሰና የቬላን አያህልም አለ።"

ቬላ ደረጃው ላይ፣ በረዶው ላይ ቁጭ አለች። ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሣች፤ መጀመሪያ የምታለቅስ ትመስል ነበር፤ ለካ ትስቃለች። "ውሸታም" አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ ጨው አበዛሽበት እያለ ነው ያስመረረኝ።"

ከዚያ በዶንካ መዳፍ ንፍሮ ሞላችላት። ዶንካም ቆማ በላች፤ ነፍስ ይማር አለች።

አንድ እፍኝ ስንዴ በሽታ አያድንም። ሳህንም ከዚያ በኋላ ተሰብሯል፤ እንቅልፉም አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይቀራል። ግን በማግስቱ በገበያው መንገድ ሄደች። ቬላ ወሬውን አዳርሳው ኖሮ ሰዎች በየበራቸው ይጠብቋት ጀመር። እናቴ በርዷት ነበር ወይ? ወንድሜ ማንን ጠራ? ዶንካም የምታውቀውን ትነግራለች፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። ጊና፣ "አሁን ደግሞ ሬዲዮ ሆንሽልን" ትላታለች። ወሩ አልቆ የነርሶች አለቃ ታዲያ ወሰንሽ ወይ ስትላት፣ "ብርዱ ይለፍ እስቲ" አለች። ብርዱ አለፈ፤ ዶንካ አልወጣችም።

በፀደይ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አንዲት ወጣት ከአውቶቡስ ፌርማታው ላይ አስቆመቻት። አጠገቧ የአባቷ ወረቀት ተለጥፏል።

"ሲስተር ዶንካ እርስዎ ነዎት? አባቴ ምን ብሎ ነበር?"

ዶንካ ፎቶውን አየችና አወቀችው። አንድ መልካም ቃል ፈጥራ ብትሰጣት ልጅቷ ይዛው ትሄድ ነበር።

"ምንም አላለም፣ ልጄ። ከመጣ ጀምሮ አልነቃም።"

የልጅቷ ፊት ጠወለገ።

"አጥቤዋለሁ" አለች ዶንካ። "ጢሙን ላጭቼዋለሁ። ፀጉሩንም ወደ ግራ አበጥሬለታለሁ።"

ልጅቷ ወደ ፎቶው ዞረች። "ወደ ቀኝ ነበር እኮ የሚያበጥረው።"

እውነትም ወደ ቀኝ ነበር።

"አበላሽቼበታለሁ በይኛ።"

"ግድ የለም። እሱም መስታወት አያይም ነበር።" ልጅቷ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ሲላጭ ሁልጊዜ አገጩ ስር ይቆርጠው ነበር። እርስዎ ቆረጡት?"

"አልቆረጥኩትም። ቀስ ብዬ ነው የላጨሁት።"

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ልጅቷ አልተሳፈረችም። ዶንካ ሥራ ረፍዶባት ነበር። ቢሆንም ልጅቷ ጠይቃ እስክትጨርስ አብራት ቆመች።